ቀኝ እግሬ ከሌዘሩ በኋላ

ዓርብ፣ ኅዳር 3 ቀን 2008 ዓ.ም.
ጠዋቱ ብርድ፣ ቀኑ ጠራራ ፀሐይ። መገናኛ ክሊኒኩ ውስጥ የነበርነው ሐኪሟ፣ ልጄ ሜሮንና እኔ።

ሌዘሩ ተደረገ። ቀኝ እግሬ ላይ፣ ከጉልበት በታች ብቻ፣ ለሙከራ። እግሬን የወረሩት እንደ ሸረሪት ድር ያሉ ደም ሥሮች ናቸው። ቆዳዬ ጠይም ስለሆነ ሌዘሩ ሊያቃጥለው ወይም ሊያጠቁረው ይችላል አለች ሐኪሟ። ከተስማማኝ ቀሪውን ትሠራለች፣ ካልተስማማኝ ታቆማለች። ቀድማ በአልትራሳውንድ የውስጡን ደም ሥር አየች። እሱ ቢታመም ኖሮ ላይ ላዩን መሥራት ከንቱ ነበር።

ሕመሙ ከመጥበሻ ዘይት ሲፈናጠርብኝ የማውቀው ዓይነት ነው። ቻልኩት።

እንዳልረሳ፦ ፀሐይ የለም። ሙቅ ውኃ የለም። እሷ ያላዘዘችው ቅባት የለም። ጠባቡን ረጅም ካልሲ ማድረግ። በእግር መሄድ። መስመሮቹ መጀመሪያ ቢቀሉ አለመደንገጥ፤ እስኪጠፉ ሳምንታት ይፈጃል፣ አንድ ጊዜም አይበቃም። አንዱ እግር ካበጠና ባቴን ካመመኝ ግን ቀጠሮ ሳልጠብቅ መሮጥ።

ሜሮን "እማ፣ ሪላክስ አድርጊ" ትለኛለች። እንጦጦ ጠበል ስገባ ሴቶቹ እግሬን አይተው ፈቀቅ ሲሉ እሷ አልነበረችም። አንዷ "ይተላለፍ ይሆን?" ስትል ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ጠበል አልሄድኩም። ይሄ ካልሆነልኝ መቼም የምሄድ አይመስለኝም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 4
እትዬ ዘነቡ መጣች። ታላቅ እህቴ ናት፣ ያሳደገችኝም እሷ ናት። ከጓሮዋ ጤና አዳም ቆርጣ፣ ጨምቃ ይዛለች። ከማሽኑ የገባብሽ እሳት መውጣት አለበት አለች። ሐኪሟ ከልክላለች አልኳት።

"ትናንት የተወለደች ልጅ ጤና አዳምን ልትከለክል?"

ካልሲዬን አውልቃ አሸችኝ። ግራውንም አሸችው፣ አንዷን ቀብቼ አንዷን ብተዋት ትቀናለች ብላ። ሳቅን። ከዚያ ደጃፉ ላይ እግሬን ዘርግቼ ፀሐይ እንድሞቅ አደረገችኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። እሷን እምቢ ብዬ አላውቅም።

እሑድ፣ ኅዳር 5
ቀልቷል። ያቃጥላል። ቅዳሴ ቀረሁ። መቅላቱ ያለ ነው ተብያለሁ፣ ግን ይሄን ያህል? ባቴን ደጋግሜ ዳሰስኩት፤ አላበጠም። ለሜሮን ደህና ነኝ አልኳት።

ሰኞ፣ ኅዳር 6
ውኃ ቋጠረ። ሜሮን አይታ አለቀሰች፣ ክሊኒኩ ደወለች፤ ነገ ኑ ተባልን። እትዬም ሰምታ መጣች። ነገ አብሬ እሄዳለሁ፣ ያቺን ልጅ አነጋግራታለሁ ብላ ዝታ ሄደች።

ከሄደች በኋላ ግራውን እግሬን አየሁት። እሱም ቋጥሯል፣ በጣት የተሳበ በሚመስል መስመር። ግራውን ሌዘር አልነካውም።

ዝም ካልኩ ሐኪሟ ያለ ጥፋቷ ትሰደባለች፣ ሕክምናውም ይቆማል። ከተናገርኩ እትዬን በሰው ፊት አዋርዳለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 7
ገና ሳንቀመጥ እትዬ "እህቴን ጠበስሻት" አለቻት። ሐኪሟ ፊቷ ተለዋወጠ። ቀኙን እግሬን አየችና እንዲህ ከሆነ መቀጠል አንችልም አለች። ከዚያ ሌላ የቀቡት ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እትዬ መሬት መሬቱን ማየት ጀመረች።

"ጤና አዳም" አልኩ። "ቅዳሜ ዕለት፣ ሁለቱንም እግሬን። ከዚያ ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ።"

ማን እንደቀባኝ አልተናገርኩም። እትዬ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

ሐኪሟ ግራውን አይታ ተነፈሰች። የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል አለች። ሌዘሩ ተስማምቶኝ እንደሆነ ግን አሁን መለየት አይቻልም። የቋጠረውን እንዳላፈርጠው፣ ካልሲውንም ቁስሉ እስኪደርቅ እንዳላደርግ አዘዘችኝና በፋሻ ሸፈነችው። ቃጠሎው የሚተወው ጥቁረት ወራት ሊቆይ ይችላል። ቆዳዬ ሲመለስ ሙከራው እንደ አዲስ ይጀመራል። አልቆመም ማለት ነው። ደስ ይበለኝ ወይስ አይበለኝ አላወቅሁም።

እትዬ ከክሊኒኩ ስንወጣ ቀድማን ሄደች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 8
በማለዳ ተነሳሁ። ፋሻው ደረቅ ነው። ረጅሙን ቀሚሴን ለብሼ ዳገቱን ወደ እትዬ ቤት ወጣሁ። አንኳኳሁ። ማነው አለች፤ እኔ ነኝ አልኩ። ቆይታ ከፈተችልኝ። ፊቴን አላየችም፣ ያየችው እግሬን ነው።

"ፀሐይ ሳያገኝሽ ግቢ" አለችኝ።

ገባሁ።