ሹፌር የሌለው ባቡር

ይድረስ ለወዳጄ ለዳኛው፤

ትናንት ከመሬት በታች በሚሄደው ባቡር ተሳፈርኩ። ሹፌር የለውም፤ ተሳፋሪውም የጨለመውን መስኮት እያየ ትንፍሽ አይልም። የምወርድበትን ጣቢያ ሳይቆም ሲያልፈው ደነገጥኩና፣ ሽበቴን ረስቼ፣ እንደ አገራችን ታክሲ «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ። የእኛ ረዳት ቢሆን ጣሪያውን ይደበድብ ነበር፤ እዚህ ግን አንድም ሰው አልዞረም። ከጎኔ ዓይናቸውን ጨፍነው የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ብቻ፣ በገዛ ቋንቋችን፣ «በከንቱ አይድከሙ ወንድሜ፤ እኔም ወራጅ ነበርኩ» አሉኝ። ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። በሚቀጥለው ጣቢያ በሩ ሲከፈት እጃቸውን ይዤ «እንውረድ እንጂ፣ እናቴ» ብላቸው ንቅንቅ አላሉም፤ ጣቶቻቸው በረዶ ነበሩ። በሩ ሊዘጋብኝ ሲል ለቅቄያቸው ወረድኩ።

ለባለቤትህና ለልጆቹ በዚህች በወረቀቱ ጠባብ ጥግ የጻፍኩትን ሰላምታዬን አድርስልኝ። ጽሕፈቴ ቢንቀጠቀጥ አትታዘበኝ፤ እጄ እስካሁን አልሞቀም።

ወንድምህ