ለአባባ ጆሮ የተገጠመው አምፕሊፋየር

ይድረስ ለወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ሥራው፣ ቤቱ፣ ሁሉም ሰላም ነው? እኔ አምላክ ይመስገን ጤነኛ ነኝ፤ ብሽቀት በሽታ ካልተባለ በስተቀር። እማዬ ወገቧን ያማታል እንጂ ደህና ናት። ላሟም ወልዳለች። የአባባን ነገር ቆይቼ እጽፍልሃለሁ።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። ስልክ ስለማታነሳ ነው። እንደምቆጣህ ስለምታውቅ ስደውል ዝም ትላለህ፤ ቆይተህ «ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» የምትል አንዲት መስመርና የቀጥ ያለ አውራ ጣት ሥዕል ትልክልኛለህ። አውራ ጣትህን እንደ ሕፃን እዚያው ጥባው። ይህን ወረቀት ለሹፌሩ ለአወቀ የሰጠሁት በእጅህ ሳያስይዝህ እንዳይመለስ አደራ ብዬ ነው።

ያልከውን አልረሳሁትም። ለፋሲካ የላክኸውን ድምፅ አባባ በስልክ መስማት አቃታቸው ብዬ ብነግርህ፣ «ጆሮው ለማይሰማ ሰው ታዲያ ምን ብዬ ልናገር? ከግድግዳ ጋር ማውራት እኮ ነው» አልከኝ። አባትህን ግድግዳ አልካቸው።

ጆሯቸው ከበደ እንጂ መች ጨርሶ ተዘጋ። ቤተ ክርስቲያን ሞንታርቦው አጠገብ ሲቆሙ፣ «ዛሬ ደግሞ ቄስ አትናቴዎስ ድምፃቸው ሰልሏል» ብለው ይተቹ ነበር። ያን ሳይ ነው ለገበያ ጨርቅ የማመላልስባት አሮጌ ቪትዝ መኪናዬ ትዝ ያለችኝ። የራሷ ቴፕ ድምፁ የትንኝ ያህል ነው፤ ስለዚህ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራውን ቢያድግልኝን ድምፅ የሚያጎላ አምፕሊፋየር ግጠምልኝ አልኩት። «እትዬ፣ ጭፈራ ቤት ሊከፍቱ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ለማን እንደሆነ ስነግረው ሳቁን ተወ።

ወፍራም ሽቦ ከባትሪው አወጣ፤ ፊውዙን እዚያው ባትሪው አጠገብ አስሮ ሽቦውን በምንጣፉ ስር አሳለፈና ከፊት ወንበር ስር ካስቀመጠው አምፕሊፋየር ጋር አገናኘው። በሮቹ ላይ አዲስ ስፒከር ገጠመ። ሞተሩ ሲነሳ ግን ስፒከሩ አብሮ ያላዝን ጀመር፤ ነዳጅ ስሰጥ ይብስበታል። ይህን ልቅሶ ለአባባ አላሰማም ብዬ ተጣላሁት። ሁሉንም እንደገና ፈታ፤ ከወንበሩ ስር ቀለሙን ብረቱ እስኪያበራ ፍቆ ኔጌቲቩን ሽቦ እዚያ ላይ አጥብቆ አሰረው። ያን ጊዜ ዝም አለ።

አባባን ከፊት አስቀምጬ፣ መስኮቱን ዘግቼ፣ የፋሲካህን ድምፅ ከፈትኩት። «አባባ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ» ስትል እጃቸውን በድምፁ የሚንቀጠቀጠው የመኪናው በር ላይ አደረጉ። «እንኳን አብሮ አደረሰን፣ ልጄ። እህል ትበላለህ?» አሉህ። ከዚያ መልስህን ጠበቁ። ብታያቸው አፍረህ መሬት ትገባ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት መኪና ውስጥ መቀመጥ ሥራቸው ሆነ። የሚሰሙት ያንኑ ነው። አዲስ ላክ ብዬ ለመንኩህ፤ አውራ ጣት ላክህ። መስከረም ሲጠባ፣ «ይሄ ልጅ እንቁጣጣሽ አልፎም እንኳን ለፋሲካ ይለኛል?» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «መርዶ ነው የደበቃችሁኝ» አሉ።

ምን ብዬ ላሳምናቸው? የአጎታችን የጋሼ ወንዳፈራሁ ልጅ መተማ የሞተ ጊዜ፣ አዝመራው እስኪገባ ድረስ «ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው» እያሉ ሲያታልሏቸው የከረሙት፣ በኋላም በማለዳ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄደው ያረዷቸው አባባ ራሳቸው ናቸው። አንተም የምትጽፈው ያንኑ ቃል ነው። ባነበብኩላቸው ቁጥር «እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር» ይሉኛል። ፎቶህን ባሳያቸው «የሞተ ሰውም ፎቶ አለው» አሉ።

አንድ ማለዳ የእድር ሽማግሌዎች ስለ ድንኳኑ ሊያነጋግሯቸው መጡ። አባባ ገና ከበር ሲያዩአቸው ጋቢያቸውን አገልድመው ደረታቸውን መድቃት ያዙ። ሰዎቹ ጆሯቸው ስር «ልጅዎ በሕይወት አለ» ብለው ቢጮሁ ማን ይመናቸው። በዚያች ሰዓት ደወልኩልህ። ጠራ፣ አላነሳኸውም። በቢያድግልኝ ስልክ ብሞክር የማታውቀው ቁጥር ሆኖብህ ነው መሰለኝ ዘጋኸው።

ከዚያ በኋላ በቁምህ አለቀሱህ። እህል አልቀምስ አሉ። «አባባ፣ አለሁ» ብትል ይበቃ ነበር፤ የቀረውን አምፕሊፋየሩ ይሠራው ነበር። ተናድጄብሃለሁ፤ የእናቴ ልጅ ባትሆን ስምህን አልጠራም ነበር።

አሁን ድምፅ አትላክ፤ ራስህ ና። አባባን ከጠየቅኸኝ፣ ከእንግዲህ ጆሯቸው አያስቸግራቸውም። አወቀ ይዞህ ይመለሳል፤ መንገድ ላይ ሙዚቃ ካልከፈተ ለምን አትበለው። ስትደርስ ቀጥታ ቤት እንዳትገባ፤ ጋሼ ወንዳፈራሁ ዘንድ እደር። በማለዳ ሽማግሌዎቹ ይዘውህ ይመጣሉ። ጋቢ ያዝ።

መኪናው ውስጥ ሆነው ይመልሱልህ የነበረውን በስልኬ ቀድቼዋለሁ። አልልክልህም። መጥተህ በእሳቸው ወንበር ተቀምጠህ፣ እጅህን በሩ ላይ አድርገህ ትሰማዋለህ።

የጀማን ቁልቁለት መድኃኔዓለም በሰላም ያውርድህ። የእማዬ ጸሎት ይከተልህ። እግዚአብሔር ልብህን ያጽናልህ።

እህትህ
ከዓለም ከተማ