ነፊሳ መደብ ላይ ያየሁት ልቃቂት

ሰኞ፣ ኅዳር 23

ዛሬ እጄ ከተሰበረ ሦስት ሳምንት ሞላኝ። ወጌሻው አባ መሐሪ መጥተው ሸምበቆውን ፈቱ፣ አሹ፣ መልሰው አሰሩ። "ገጥሟል" አሉ። ለእኔ ጠማማ መሰለኝ።

"አባ፣ ይሄ አጥንት ወደ ጎን አልሄደም?"

"አንቺ ወጌሻ ከሆንሽማ እኔ ቁጭ ልበል።"

ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

የተሰበረችው ግራ እጄ ናት። ለመጻፍ ምንም አላጎደለብኝ። ለመፍተል ነው ጉዱ... ባዘቶውን ይዞ ክሩን ስቦ የሚያወጣው ግራ ነው፤ ቀኝማ እንዝርት ማሾር ብቻ። የልጄ የሕሊና ሰርግ ጥር 25 ነው። የጋቢዋ ማግ ገና ግማሽ። እናቷ ያልፈተለችውን ጋቢ ይዛ ከቤት ትውጣ? ሰው ምን ይላል? እኔስ ለራሴ ምን እላለሁ?

ምን ይደረግ። የጎደለውን መግዛት ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 26

ነገ ዓርብ ገበያ ልወርድ ነው። ከተሰበርኩ ወዲህ ከግቢ ስወጣ የመጀመሪያዬ።

ብርቄ አልወደደችውም። "እታለም፣ አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ፣ እኔ ገዝቼልሽ እመጣለሁ።" ብርቄ የባሌ የቢሻው እህት ናት። ትዳሯን ፈትታ ከመጣች አራት ዓመቷ፤ ከእኛው ጋር ናት። እጄ ከተሰበረ ጀምሮ የምታለብሰኝ፣ ራሴን የምታበጥረኝ እሷ። ውለታዋን እግዜር ይክፈላት።

ግን ሦስት ጊዜ አለችኝ። አንዴ ቁርስ ላይ፣ አንዴ ልብስ ስታሰጣ፣ አንዴ ደግሞ ሳልጠይቃት። "መንገዱ ዳገት ነው።" "ግርግር ነው፣ እጅሽን ይገፉብሻል።" ሁሉም እውነት ነው። እውነት መሆኑ ነው የከነከነኝ። ሰው እንዲህ አጥብቆ ካስቀረሽ የሚያስቀርሽ ነገር አለው...

እሄዳለሁ አልኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 27

ብርቄ እጄን በነጠላ አንገቴ ላይ አንጠልጥላልኝ አብረን ወረድን። ያገኘን ሁሉ "ምን ሆንሽ" ይላል። ስድስተኛው ላይ ሰለቸኝ።

ክር ተራ ሞልቷል። አንዱን ሳብ ሳደርገው ተበጠሰ። ሌላው ላላ። አንዷ ሴትዮ ሚዛን ላይ ከበድ እንዲል ውሃ ሳትረጭበት አልቀረችም፤ ጉንጬ ላይ ሳስነካው ቀዘቀዘኝ። "ጠዋት ጤዛ ነክቶት ነው" ትለኛለች። በኅዳር ፀሐይ፣ በአምስት ሰዓት ጤዛ።

ጥጉ ላይ ነፊሳ አለች፤ የቆየች የክር ነጋዴ ናት።

"የሕሊና እናት፣ እጅሽን ምን ነካው?"

"ድንጋይ።"

"ድንጋዩስ ተረፈ?"

እየሳቅሁ ከመደቧ አንድ ልቃቂት አነሣሁ። ሳቄ ቆመ። የእኔ ክር ነው። ቀጭን፣ ከረር ያለ። ጫፉ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሞ ወደ ውስጥ የተሸጎጠ። እናቴ ናት እንዲህ ያስለመደችኝ፤ በዚህ አገር ሌላው ሴት ሁሉ ጫፉን ዝም ብሎ ይለቀዋል። ሰው የገዛ ፈትሉን አያውቅም? የጻፈውን እንደማወቅ ነው እኮ።

"ይሄን ማን አመጣልሽ?"

ነፊሳ ብርቄን አየቻት። ብርቄ የበርበሬ ተራውን አየች።

"ሰው ነዋ" አለች ነፊሳ።

"ስም የለውም?"

"የሚያመጣልኝን ሁሉ ስም ከጠየቅሁ ማን ያመጣልኛል? ትገዢኛለሽ ወይስ ትመረምሪኛለሽ?"

ገዛሁ። አራት ልቃቂት። የራሴን ክር ከሰው መደብ ገዛሁ...

በመንገድ ብርቄ ከፊት ከፊቴ ሄደች። እኔ ዝም ስል ሰው አሟታል ብሎ ነው የሚያስበው። እሷ ግን "አመመሽ?" እንኳ አላለችኝም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 28

ፈትሌን የማስቀምጥበትን ሙዳይ ከፈትኩ። ጎድሏል። እስከ አንገቱ ነበር፤ አሁን ከወገቡ በታች ነው። ስንት እንደነበረ ግን አላውቅም። እናቴ "ፈትል ሸማኔ ቤት ሳይደርስ ከተቆጠረ በረከቱ ይሄዳል" ትል ስለነበር ቆጥሬ አላውቅም። ይኸው ሳልቆጥረው ራሱ ክሩ ሄደ።

ለቢሻው ልንገረው? እህቱ ናት። ምን ብዬ?

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 1

ጠዋት ከራሴ አንድ ፀጉር ነቅዬ ሙዳዩ ክዳን ላይ አጋደምኩ። ከሰዓት ሳይ የለም። ብርቄ ስትጠርግ ይሆን? ድመቷ? ነፋስ? ... ድመት ክዳን አትከፍትም።

ሌላም አለ። ሰሞኑን ከምሳ በኋላ ብርቄ ትጠፋለች። "ጎረቤት ቡና ልወቅጥላቸው" አለችኝ። ስትመለስ ቀሚሷ ላይ የጥጥ ብናኝ። ቡና ጥጥ አለው እንዴ?

እንዲህ እየሰለልኳት ማታ ቀሚሴን ስታወልቅልኝ ክንዴን እንዳይነካብኝ ትንፋሿን ትይዛለች። አፈርኩ። ግን ደግሞ... ሌባ እጁ ለስላሳ ነው ይሉ የለ?

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 4

ብርቄ ብቻዋን ገበያ ወረደች። "ጨው ላምጣ።"

"ጨው አለን እኮ።"

"ያልቃል።"

ነጠላዋ ሥር የሆነ ነገር አብጧል። ጨው ልታመጣ የምትሄድ ሰው ምን ይዛ ትሄዳለች?

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

ተናገርኩ። ማበጠሪያው ራሴ ላይ እያለ።

"ብርቄ፣ ክሬን ለነፊሳ ያስሸጠሽ ምን ቸግሮሽ ነው? ብትጠይቂኝ እሰጥሽ አልነበር?"

ማበጠሪያው ቆመ። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ ትሰድበኛለች ብዬም ነበር። ግማሽ ራሴ ተጎንጉኖ ግማሹ ቆሟል። ማበጠሯን ቀጠለች፤ የቀረውን ጎንጉና ጨረሰች። ከዚያ ከመኝታዋ ሥር ፌስታል አወጣች። እንዝርት፣ ባዘቶ፣ ሦስት ልቃቂት። ፊቴ ቁጭ ብላ መፍተል ጀመረች። ክሩ ቀጭን፣ ከረር ያለ... ጫፉን ሁለት ጊዜ ጠመጠመችና ወደ ውስጥ ሸጎጠችው።

ከእኔ ሙዳይ አንድ ልቃቂት፣ ከራሷ አንድ አነሣች። ከኋላዋ አቀያየረችና ምንጣፉ ላይ አስቀመጠቻቸው።

"ለዪው።"

አየሁ። ዳበስኩ። ጉንጬ ላይ አስነካሁት።

"ያንቺን አንሺ እንጂ እታለም።"

አልቻልኩም።

"ማን... እንዲህ ማን አስተማረሽ?"

"ሙሽራ ሆነሽ ስትመጪ ሰባት ዓመቴ ነበር። አጠገብሽ አስቀምጠሽ እንዝርት ያስያዝሽኝ ማን ነው?"

እኔ ነኝ። ድምፁን ሰማሁት... የራሴን ድምፅ፦ "እንዲህ ሸጉጪው ብርቅዬ፣ ሰው እንዳይፈታብሽ።" እንዴት ይረሳል ይሄ? ከዚያ ወዲህ አብረን አንድ ቀን እንኳ ፈትለን ስለማናውቅ ነው? ከመጣች ወዲህ ማድ ቤቱ የእሷ፣ ፈትሉ የእኔ ነበር። ማን እንዲህ እንዳካፈለን አላውቅም። እኔ ሳልሆን አልቀርም።

"ታዲያ ለምን ተደብቀሽ?"

"ንፋስ መውጫ ከተማ አንዲት ክፍል ልከራይበት ነው። የወንድም ቤት የወንድም ነው። ከሰርጉ በኋላ ልነግርሽ ነበር፤ አሁን ሥራ ላይ ነሽ ብዬ።" እንዝርቷን ፌስታሉ ውስጥ መለሰችና፣ "ሌባ ግን አልሆንኩም" አለች። ቀስ ብላ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ቢሻው ከአውድማ ሲመጣ ሙዳዩ ጎደለ አልኩት።

"ግማሹን በጆንያ አድርጌ ቆጥ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ አይጥ ጀምሮት ነበር። የቀረውንም በየጊዜው እየከፈትኩ አያለሁ። ነግሬሽ የለ?"

"መቼ?"

"አባ መሐሪ እጅሽን ሲጎትቱት።"

ያን ሰዓትማ እንኳን የክሩን ነገር፣ የገዛ ስሜንም የነገረኝ ቢኖር አልሰማውም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

ብርቄ ሄደች። ሰርጉን አልጠበቀችም። ከመሄዷ በፊት ራሴን አጥብቃ ሹሩባ ሠራችኝ፤ "ሁለት ሳምንት ይቆይልሻል።" ይቅርታ ልላት ስል ጎንበስ ብላ ዕቃዋን አነሣች። ቢሻው ሸኛት። ለምን ሄደች ብሎ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። አልተቆጣም። ምሳውን ግን አልበላም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 30

ገና አለፈ። ሸምበቆው ተፈታ። እጄ ቀጥ ብላለች፤ አባ መሐሪን አላግባብ አማኋቸው። ግን ቀጭን ናት፣ የልጅ እጅ ትመስላለች። እንዝርት ሞከርኩ፤ ክሩ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይበጠሳል።

የቀረውን ማግ ነፊሳ ጋ ሄጄ ገዛሁና ከእኔው ጋር ለሸማኔው ሰጠሁት። ነፊሳ ገላምጣኝ፣ "አሁን የማን እንደሆነ አትጠይቂም?" አለች። አልጠየቅሁም። አውቀዋለሁ።

ቢሻው ሽማግሌ እንላክ ይላል። ሽማግሌ ምን ያደርጋል... ያጠፋው አፌ ነው፤ አፌ ይሂድ።

ሰኞ፣ ጥር 5

ንፋስ መውጫ ሄጄ መጣሁ። ደክሞኛል፤ ግን ሳልጽፈው አልተኛም።

በባጃጅ ሄድኩ። ሾፌሩ ሲያጠማዝዘኝ ብዙ ሊያስከፍለኝ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ለካ መንገዱ ተቆፍሮ ነው።

ክፍሏ ጠባብ ናት። ግድግዳው ላይ አዲስ ጭቃ ለጥፋለች። እንዝርቷን ይዛ ነው በር የከፈተችልኝ። አየችኝ።

"ምን ጎደለብሽ ደግሞ?"

"አንቺ።"

ክሯን እንዝርቷ ላይ ጠመጠመች። ቆሜ ቀረሁ።

"ገብተሽ ተቀመጪ እንጂ። ሰው ያየኛል፣ እንግዳ በር ላይ አቆመች ይሉኛል።"

ተቀመጥኩ። "ሌባ አይደለሽም፤ ሌባ ያደረግሁሽ ራሴን ስታበጥሪኝ ነው፣ ይሄ አይጠፋኝም" አልኳት። እንዝርቷ ላይ አቀርቅራ ሰማችኝ። ክሯ ተበጠሰ። ቀጠለችው።

"አራት ዓመት እኮ ነው እታለም። አንድ ቀን አንቺም ፍተይ አላልሽኝም።"

"አላልኩሽም።"

"በሰርጉ ዕለት ከጎኔ ቁሚ" አልኳት። "ልጅቷን አብረን እንሸኛት።"

"አስብበታለሁ።"

እምቢ አላለችም። እሺም አላለችም። እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝ፤ ጤነኛዋን እጄን ይዛ። ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል አፉ የተቋጠረ ፌስታል በመስኮት አቀበለችኝ። "ቤትሽ ስትደርሺ ታዪዋለሽ።"

ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ቀላል ነው። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ "ምንድነው?" አለችኝ። "አላውቅም" አልኳት። ጣቴን ቋጠሮው ላይ አላሳረፍኩም፤ ከውጭም አልዳበስኩትም። ቤት ደርሼም ሳልከፍተው ለቢሻው ሰጠሁት።

እሱ ነው የፈታው። ባዘቶ ነው። የተነደፈ፣ ለፈትል የተዘጋጀ። እንደ እኔው ላለ የላላ እጅ የሚሆን፣ ሳሳ ሳሳ ተደርጎ።