የፊት ለፊቱ ጣውላ

ለውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ተመስገን ደህና ነን፤ የታመመው ቤቱ ብቻ ነው። ጠዋት በፀሐይ ሲሰነጠቅ፣ ከሰዓት በዝናብ ሲያብጥ የከረመው የግድግዳችን ጣውላ በሦስቱ ጎን በስብሶ አለቀ።

አዲስ ልባስ ልንመርጥ ከአባባ ጋር ሱቅ ሄድን። ከሻጩ ጋር ግማሽ ቀን የሚከራከሩ መስሎኝ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ በአናጢነት የኖሩት፣ "ቆርቆሮ ለዶሮ ቤት ነው" የሚሉት ሰውዬ፣ ወንበር ስበው ቁጭ አሉና "ቀለም የማይፈልገው የቱ ነው?" ብቻ አሉ። ሻጩ ወፍራሙን ቆርቆሮ እያሳየ "ይሄ ሠላሳ ዓመት አያሳስብዎትም" ሲላቸው ሳቁ፤ ወደ እኔ እያዩም "እሱን ለሷ ንገራት" አሉት።

ቆርቆሮውን የመታሁት እኔው ነኝ፣ እንዳትስቅ! "ብሎኑን አታጥብቂው፤ ቆርቆሮ በፀሐይ ይለጠጣል፣ በብርድ ይሰበሰባል፤ መላወሻ ተዪለት" እያሉ ከሥር ሆነው አስተማሩኝ። መሰላሉን ይዘውልኝ ነበር። እሳቸው መሰላሉን ይያዙት፣ መሰላሉ እሳቸውን ይያዛቸው እንጃ።

የፊት ለፊቱን ግድግዳ ግን አላስነካም አሉ። "እሱን ከወንድምሽ ጋር ነው የምንሠራው፤ በጣውላ" አሉኝ። ትናንት አሮጌውን ጣውላ ጫን ባደርገው ጣቴ ገባ። ይሄን ክረምት የሚያልፍ አይመስለኝም፤ መሥሪያ ቤትህ ከዝናቡ በፊት ፈቃድ ቢሰጥህ ጥሩ ነው።

አባባ ሰላም ብለውሃል። መዶሻህንም አዲስ እጀታ አስገብተውለት በሩ ሥር አስቀምጠውታል።

ናፋቂ እህትህ