ድንኳኑ በሐዲዱ ላይ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10
ዛሬም ባቡሩ ቆመ። ኮካ አካባቢ፣ አጥሩ የተቀደደበት ቦታ። አንዲት ሴትዮ የጎመን ከረጢት ይዛ ሐዲዱን ስታቋርጥ ሹፌሩ ክላክስ ነፋባት፤ ቀና ብላም አላየችው። ሜክሲኮ ሱቄ ስደርስ የበር ቁልፍ ሊገዛኝ የቀጠረኝ ሰውዬ ሌላ ሱቅ ገብቷል። ማታ ለእታለም ነገርኳት። እህቴ አሳድጋኝም አልበቃት፣ አሁንም እንደ ልጅ ነው የምትመልስልኝ። እሷም ጉልት የምትሄደው በዚያው ቀዳዳ ነው ለካ። «በዚህ ጉልበቴ ድልድይ ልውጣ፣ በሱዬ? ባቡሩ ይቁም፤ እሱን ጉልበት አያመውም።»

እሑድ፣ ጥቅምት 16
የእድር ስብሰባ። ዕቃ ቤታችን ከሐዲዱ ማዶ ነው፤ ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት ጀምሮ። ሰው በሞተ ቁጥር ድንኳኑንና የብረት ቋሚዎቹን በቀዳዳው ያሻግራሉ። ከላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ... አንድ ቀን ሰው ይሞታል አልኳቸው። በመኪና ዞሮ ይምጣ። ሊቀመንበሩ አቶ ተሰማ አልተዋጠላቸውም። «ልጄ፣ ሐዘን ዞሮ አይመጣም» አሉኝ። ግን እጅ ወጣ፤ የእኔ ሐሳብ አለፈ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21
ገበያ ቀዝቃዛ። እታለም ራሴን አመመኝ ብላ በጊዜ ተኛች። የደም ግፊት መድኃኒቷን ወስዳ ይሆን?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22
በቅደም ተከተሉ ልጻፈው። ሌላ አልችልም።
ሱቁን ቀደም ብዬ ዘግቼ ተሳፈርኩ። ኮካ ሊደርስ ሲል ቆመ። ሰው ሐዲድ ውስጥ ገብቷል ተባለ። ከሁሉም በላይ ያማረርኩት እኔ ነኝ። ስልኬ ጠራ። የሰፈር ጎረቤቴ አስፋው። «የት ነህ?» ባቡር ውስጥ፣ ቆሟል አልኩት። «እኔ ሱቅህ በር ላይ ነኝ... ስትወርድ ቤት እንዳትገባ። ጣቢያው ጋ ጠብቀኝ።» ለምን ስለው ዘጋው።
በመስኮት አየሁ። አቶ ተሰማ ከፊት። ከኋላቸው ሸራ የተሸከሙ፣ ቋሚዎቹን አጋድመው የያዙ፣ ሽቦውን ፈርተው ያጎነበሱ። የእኛ እድር። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው፤ ባለፈው እሑድ እጃቸውን ያወጡ ሰዎች... ቀጥሎ፣ ማን ሞቶ ይሆን? አስፋውን ሱቄ ድረስ ምን ወሰደው? መርዶ በስልክ አይነገር...
ወደ እኛ ቅያስ ታጠፉ። ቅያሱ የሚያልቀው እኛ በር ላይ ነው።
የባቡሩን በር በቡጢ መታሁ። አልተከፈተም። አጠገቤ የቆመው ሰውዬ «ተረጋጋ ወንድሜ፣ አሁን ይሄዳል» አለኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25
እታለምን እሑድ ቀበርናት። ቅዳሜ ጠዋት ስወጣ ተኝታ ነበር። እንዳልቀሰቅሳት በሩን ቀስ ብዬ ነው የዘጋሁት...
አቶ ተሰማ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። «ውሳኔህን ሻርንብህ። መኪና እስኪገኝ ብንጠብቅ ባዶ ግቢ ላይ ትደርሳለህ ብለን ነው።» ያንን ባቡር እንደምይዝ በምን ያውቃሉ?

እሑድ፣ ኅዳር 14
የእታለምን ክፍል ለእድሩ ሰጠሁ። በሩ ወደ ቅያሱ ነው፤ ለረጅም ዕቃ ይመቻል። እድሩ ካሉት ሁለት ድንኳኖች አንዱ ከነቋሚዎቹ በመኪና ዞሮ መጣ። ከእንግዲህ በዚህ ወገን ሰው ሲሞት ብረት ተሸክሞ የሚሻገር አይኖርም። አልጋዋን ራሴ ፈታሁት።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8
ባቡሩ ቆመ። እዚያው ቀዳዳ ጋ። ሁሉም ሰዓቱን አየ። እኔ ተነስቼ በመስኮት አየሁ፤ ዓይኔ መጀመሪያ የፈለገው ድንኳን ነው። የለም። አንዲት ትልቅ ሴት ብቻ፣ ከረጢት ይዛ፣ አንድ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቀስ እያለች።
አጠገቤ ያለው ወጣት እስከ መቼ ነው የሚያቆሙን እያለ ያጉረመርማል።
«ይቁም» አልኩት። «ባቡሩን ጉልበት አያመውም።»