ሰማንያ አራት የክብሪት ቀፎ ከደቅ ደሴት

ግንቦት 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ዶክተር አምሐ ዳኘው
የቢልሃርዚያ በሽታ ተመራማሪ
ባሉበት

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ በደቅ ደሴት የምንኖር ሰዎች፣ እርስዎ በጻፉት መሠረት፣ እጅግ ደኅና ነን። የደኅንነታችንን ወሬ ከራሳችን ቀድመው ለፈረንጅ አገር ሊቃውንት ስላበሰሩልን ምስጋናችን ከልብ ነው። ሆዳችንን ለዓለም በግልጽ ስለ ጻፉ፣ እኔም የገበሬ ማኅበራችን ጸሐፊ መልሱን በግልጽ ጽፌ አንዱን ቅጂ በባሕር ዳር የጀልባ ማቆሚያ ላይ ብለጥፈው እንደ ድፍረት እንደማይቆጥሩብኝ አምናለሁ።

ባለፈው ወር የቢልሃርዚያ መድኃኒት የጫነች ጀልባ ዘጌን አዳርሳ ወደኛ ስትመጣ አይተን ዳር ወጥተን ጠበቅናት፤ እሷ ግን በፊታችን አልፋ ሄደች። ባሕር ዳር ድረስ ሄጄ ብጠይቅ፣ ጤና ረዳቱ ሰላሁዲን የእርስዎን ጽሑፍ አውጥቶ ተረጎመልኝ። በ1973 ዓ.ም. የሰማንያ አራት ሰው ሰገራ መርምረው ቀበሌያችን ከበሽታው ፍጹም ነጻ መሆኗን አረጋግጠዋል። ለጤነኛ ደግሞ መድኃኒት አይታደልም። ስለዚህ የሚከተለውን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ የሥራ ፍጥነትዎ አስደንቆናል። ከጀልባዋ ሳይወርዱ፣ ጃንጥላዎን ሳያጥፉ፣ በግማሽ ቀን ከሰበሰቡት ሰባት ጽሑፍ አውጥተዋል፤ አንዱ ስለ ወንዶቹ፣ አንዱ ስለ ሴቶቹ፣ አንዱ ስለ ሕፃናቱ፣ አንዱ ስለ ካህናቱ፣ የቀሩትም ስለ ቀደሙት። እኛ ከአንድ በግ ሁለት ወጥ ማውጣት አቅቶን ነው የምንኖረው።

፪ኛ፦ ለሰላሁዲን መሥሪያ ቤት በላኩት የሥራ ዝርዝር በሊቃውንት ጽሑፍ ሠላሳ አንድ ጊዜ መጠቀስዎን አንብበን ኮርተናል። ሰላሁዲን ቢቆጥረው አሥራ ዘጠኙን ጊዜ የጠቀሱት እርስዎ ራስዎ ነዎት። እኛ ዘንድ ሊቅ ሲያስተምር መምህሩን ይጠቅሳል፤ የራሱ መምህር የሆነ ሊቅ ግን በእርስዎ አየን።

፫ኛ፦ በአምስተኛው ጽሑፍዎ በሰማንያ አራቱም ሰው ሰገራ ውስጥ የተልባ ፍሬ አግኝተው፣ አብዮቱ በማዕድ ላይ ያመጣውን እኩልነት አመስግነዋል። እውነቱ እንደሚከተለው ነው።

፬ኛ፦ ሊቀ መንበራችን ጓድ አንዳርጋቸው ሰማንያ አራት የክብሪት ቀፎ ሞልቶ እንዲጠብቅዎ ከዋዜማው አዘዙኝ። ዓሣ አጥማጁ በታንኳው ሐይቅ ላይ ነበር። እናቶች ቡዳ ፈሩ። መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት የቄሣርን ለቄሣር ቢባልም ይህን አይጨምርም ብለው በራቸውን ዘጉ። ኮታ ደግሞ ኮታ ነውና እኔ ተልባዬን ጠጥቼ፣ በስንጥር ጫፍ እያካፈልሁ፣ ሰማንያ አራቱንም ብቻዬን ሞላሁ። ወንዶቹ እኔ ነኝ። ሴቶቹና ሕፃናቱም እኔው ነኝ። ካህናቱም፣ ይቅር ይበለኝ፣ እኔ ነኝ።

ንጹሕ መሆኔ አያስገርምም። የአንበሳሜ ተወላጅ ነኝ፤ ዋና አላውቅም፣ ጉማሬ እፈራለሁ፣ ደቅ ስኖር አሥራ አንድ ዓመት ጣናን በእግሬ ነክቼው አላውቅም። ባለቤቴ የሺአረግ ግን የደሴቲቱ ልጅ ናት፤ ውኃ የምትቀዳውም ልብስ የምታጥበውም በሽታው ከሚገባበት ከዚያው ሐይቅ ውስጥ ቆማ ነው። ዛሬ ደም ያስቀምጣታል፣ ሆዷም ተነፍቷል። የሠራሁትን ስነግራት፣ «የኔን ቀፎ አንተ ከሞላኸው፣ ክኒኔንም አንተው ዋጥልኛ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኗን ማየት አፍራለሁ።

ስለዚህ አንዲት ስምንተኛ ጽሑፍ ይጻፉልን። ርእሱን እንኳ «የአንድ ሰው ጤና በደቅ ደሴት» ብዬ አዘጋጅቼልዎታለሁ። መድኃኒቱ ግን ጽሑፉን አይጠብቅ፤ ጀልባዋን የሚመልሳት የእርስዎ ፊርማ ያለበት አንድ መስመር ነው። እኔም በሐሰት ሰነድ የምጠየቅ ከሆነ ዝግጁ ነኝ፤ ሰማንያ አራት እስረኛ የሚይዝ ክፍል ብቻ ያስለቅቁልኝ።

ጽሑፍዎን እንደ ጣና ዓሣ ያብዛልዎ፣ እግርዎንም አንድ ቀን ከጀልባ ያውርድልዎ እያልሁ፣ በአብዮታዊ ትሕትና እሰናበትዎታለሁ።

አዘዘ ፅጌ ማርያም
(ወንዶቹ፣ ሴቶቹ፣ ሕፃናቱና ካህናቱ)

ግልባጭ፦ ለቀሩት አሥራ ሁለት ጠቃሾችዎ፣ አድራሻቸው ሲገኝ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሰማንያ አራት የክብሪት ቀፎ በቅርጫት ልከናል። በዚህ ጊዜ እያንዳንዱ የየባለቤቱ ነው፤ መሪጌታም ሳይቀሩ ሰጥተዋል። አንዱ ብቻ ባዶ ነው፤ እሱ የኔ ነው፣ ድርሻዬን አስቀድሜ ከፍያለሁና። ከላይ በቀይ ክር የታሰረው የየሺአረግ ነው። ሌላውን ለጽሑፍዎ ያቆዩት፤ እሱን ግን ዛሬ ይክፈቱት።