ጃኬት በእህል ሚዛን ለመዘኑልን ሊቀመንበር

ይድረስ ለክቡር ጋሽ ቀለመ ወርቅ፣ የአፋፍ ሚካኤል ቀበሌ ሊቀመንበርና የአዳኞች ጃኬት መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤ ወንበርዎ ላይ እንዳሉ።

ክቡር ጋሽ ቀለመ ወርቅ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው፣ ወገብዎስ፣ ከብቶቹስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ ከፍርሃቱ በቀር። ስለርስዎ ጤና ጠዋት ማታ እጸልያለሁ፣ እርስዎ አንድ ነገር ቢሆኑ ለዚህ ቀበሌ ጃኬት የሚመርጥለት ማን አለ?

እኔ የትናየት ነኝ፣ አርብ ገበያ ላይ ሰልባጅ ልብስ የምሸጠዋ፣ የጥበቡ እህት። ትምህርቴ አምስተኛ ክፍል ላይ ስለቀረ ፊደሉ ቢጣመም ይቅር ይበሉኝ። ለብቻዎ እንዳልነግርዎ ሦስት ጊዜ ቢሮ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ፣ ስብሰባው እስኪያልቅ ብዬ ብጠብቅ ገብሱ ሊታጨድ ሆነ፣ ስለዚህ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ እዚያ ሰው ወረፋ ሲጠብቅ ያነበዋል፣ ማንበብ የማይችለውም ያስነብባል።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳና ወደ ምስጋናዬ እመለሳለሁ። ገብስ ሲደርስ ከርከሮ ከሸለቆው ይወጣል፣ አንዴ ማሳ ከገባ ለዘር እንኳ አይተውም። ስለዚህ በየዓመቱ ኅዳር ላይ አስራ አንድ ሰው ተመርጦ ጎህ ሲቀድ ለአደን ይወጣል፣ ግማሹ ከታች እየጮኸ ያባርራል፣ ግማሹ አፋፉ ላይ ወጥቶ ያደፍጣል። ሽቅቡ ያልባል፣ ማድፈጡ በብርድ ያደርቃል፣ ሳሩ በውርጭ ነጭቶ ባለበት ሁለት ሦስት ሰዓት ሳይነቃነቁ መቀመጥ ነው። ሰው የላከ ቤት ማሳው ይጠበቅለታል፣ ያልላከ ቤት አይጠበቅለትም። ይሄ ያባቶቻችን ሕግ ነው፣ ጥሩ ሕግ ነው፣ እኔ ከሱ ጋር ጠብ የለኝም። የኛ ማሳ ግን የመጨረሻው ነው፣ ጫካው አፍ ላይ። እናት አባት የሉንም፣ ከቤታችን የሚላክ ጥበቡ ብቻ ነው። እኔና እሱ፣ በቃ፣ ይሄው ነን።

ዘንድሮ ታዲያ ኮሚቴዎ አዳኞቻችን በብርድ አይለቁብን ብሎ ከየቤቱ መዋጮ አሰባስቦ ጃኬት ልግዛ ሲል እልል ያልኩት እኔ ነኝ፣ አልክድም። አሁን በተራ ልሂድ።

አንደኛ፣ ስላስጠሩኝ አመሰግናለሁ። አንቺ ልብስ ታውቂያለሽ፣ ጥሩውን መርጠሽ ናሙና ይዘሽ ነይ አሉኝ። አንድ ሙሉ ቦንዳ፣ እንደታሰረ የመጣ ሰልባጅ፣ ገልብጬ መረጥኩ። እንዴት እንደመረጥኩት አልጠየቁኝም፣ ጊዜ ስላልነበረዎ ነው፣ አሁን ልንገርዎ። መጀመሪያ በጭብጤ ጨምቄ እለቀዋለሁ፣ ተመልሶ ካልተነፋ ውስጡ ሞቷል ማለት ነው፣ የሚያሞቀው እኮ ጨርቁ አይደለም፣ ውስጡ የታመቀው አየር ነው። ከዚያ አፌን ገጥሜ እተነፍስበታለሁ፣ ትንፋሼ በወዲያ በኩል ከወጣ ነፋስም በዚያው ይገባል። ውሃ ጠብ አደርግበታለሁ፣ ከጠጣው አስቀምጠዋለሁ። ጆሮዬ ስር አሻሸዋለሁ፣ ከጮኸ ለከተማ እንጂ ለአደን አይሆንም። ባለ ላባውን እንኳ እንዴት እንደወደድኩት፣ ግን ተውኩት፣ ላባ ሲረጥብ ይጓጉላል፣ የኛ አፋፍ ደግሞ ጭጋግ ነው። መጨረሻ ላይ አንድ አመድማ ጃኬት ቀረኝ፣ ቀለል ያለ፣ ተጠቅልሎ ትንሽ አገልግል ውስጥ የሚገባ። አዳኙ ዳገቱን ሲወጣ ከረጢቱ ውስጥ ይከተዋል፣ ሲያደፍጥ ብቻ አውጥቶ ይለብሰዋል፣ ላብ ሳይነካው ደርቆ ይጠብቀዋል። ይሄንን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ልነግርዎ አፌን ስከፍት እርስዎ ሚዛን አምጡ አሉ።

ሁለተኛ እንግዲህ ስለ ሚዛኑ ነው። ይሄ የእህል ሚዛናችን ስንት ገብስ፣ ስንት ስንዴ፣ ስንት ባቄላ መዝኖልናል፣ ጃኬት ሲመዝን ግን ያን ቀን አየሁት። የኔው ግማሽ ኪሎም አልሞላ። ሌላ ነጋዴ ለናሙና ያመጣው ቢጫ ጃኬት ግን አራት ኪሎ ተኩል ሆነ። እርስዎም የኔን አንስተው አውድማ ላይ እህል በላይዳ እንደሚያዘሩ ሁሉ ወደ ላይ ወረወሩት፣ ነፋሱ ትንሽ ወሰድ አደረገው፣ ያኔ አያችሁ፣ ፍሬ ቢኖረው ቀጥ ብሎ ይወርድ ነበር፣ ይሄ እብቅ ነው አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ፈርቼ አብሬ ሳቅኩ፣ ለዚያች ሳቄ ራሴን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም። ቄስ ገብረ ማርያም ብቻ፣ ኧረ ልጄ ቀለመ ወርቅ፣ የዶሮ ክንፍስ ስንት ይመዝናል፣ አስራ ሁለት ጫጩት ታሞቅ የለም ወይ ቢሉ፣ አባ ይሄ የቴክኒክ ጉዳይ ነው፣ እርስዎ ይባርኩልን አሏቸው። ባረኩ፣ ምን ያድርጉ፣ ቢጫውም ለአስራ አንዱ አዳኝ ተገዛ። ጋሽ ቀለመ ወርቅ፣ ነገሩ ገብስ ቢሆን ኖሮ ፍርድዎ ልክ ነበር፣ በእጁ ዘግኖ የገብስ ፍሬ የሚያውቅ እንደርስዎ ያለ ሰው በጋይንት እንደሌለ ጠላትም ይመሰክራል። ሰው ግን ጎተራ አይደለም፣ የከበደ ነገር ስለጫኑበት አይሞላም።

ሦስተኛ ስለ ቢጫነቱ። አዳኞቻችን ከሩቅ ይታዩ ብለው ነበር፣ ታዩልን። ተሰሙልንም ይጨምሩበት፣ ያ ጃኬት እጅዎን ባነሱ ቁጥር እንደ ደረቅ የበቆሎ አገዳ ኮሽ ኮሽ ይላል። ከርከሮዎቹ ገና ከሸለቆው ሳይወጡ ሰሙና በወዲያ በኩል ዞረው የእማሆይ አመተ ሥላሴን ድንች ቆፍረው ቁርሳቸውን በልተው ሄዱ። እማሆይም ለከርከሮ ደወል የሚደውል ቀበሌ የኛው ብቻ ነው ብለዋል። እሳቸው ናቸው ያሉት፣ እኔ አንድም ቃል አልጨመርኩበትም።

አራተኛውን ለመጻፍ ነው እነዚያን ሦስቱን የጻፍኩት፣ እስካሁን ስሸሸው ነበር።

ጥበቡ ያን ጃኬት ከታች ጀምሮ ለብሶት ነው የወጣው፣ አይታጠፍ፣ ከረጢት ውስጥ አይገባ፣ በእጅ አይያዝ፣ ምን ያድርገው። ዳገቱን ሲጨርስ ሸሚዙ ሳይቀር በላብ ርሶ ነበር፣ ውስጡ ያለው ጥጥም ላቡን ጠጥቶ ጠገበ። ከዚያ ተቀመጠ። ውርጩ መጣ። አጠገቡ ያደፈጠው መልካሙ እንደነገረኝ መጀመሪያ ጥርሱ ይንገጫገጭ ነበር፣ ኋላ መንገጫገጩን ተወ፣ መልካሙም ለመደው ብሎ ደስ አለው። ሲጠራው ግን አልመለሰም። ጃኬቱን ሲያወልቁለት እጅጌውን ጨመቁት፣ ውሃ ወረደ። በቃሬዛ አውርደው ጤና ጣቢያ አደረሱልኝ፣ የሳንባ ምች ነው ተባለ፣ ዘጠኝ ቀን ተኛ፣ ዘጠኝ ቀን አጠገቡ ቁጭ ብዬ ደረቱ ሲነሳና ሲወርድ አየሁ፣ አንዳንዴ ሲዘገይብኝ እኔም ትንፋሼን እይዝ ነበር። ሁለት ነን ብዬዎታለሁ። ያን ሳምንት አንድ ልሆን ነበር።

እርስዎም ሊጠይቁት መጥተዋል፣ ብርቱካን ይዘው፣ እግዜር ይስጥልኝ። አልጋው አጠገብ ቆመው ልጁ ድሮም ደካማ ነው አሉ። እውነትዎን ነው፣ ደካማ ሆኖ ነው ካባታችን ሞት ወዲህ በአንድ ጥማድ በሬ ያን ሁሉ ማሳ ብቻውን የሚያርሰው፣ ደካማ ሆኖ ነው ባለፈው ክረምት የርስዎን በሬ ከገደል ስር ያወጣው። ብርቱካኑ ጣፋጭ ነበር።

አምስተኛ፣ ተናድጄ ያደረግኩት ነውና አልደብቅም፣ ጃኬቱን ቤት ወስጄ ስፌቱን ፈታሁት፣ ወንድሜን ሊገድል የነበረውን ነገር ላየው ፈለግሁ። የብርድ ልብስ ቁራጭ አለበት፣ የተጓጎለ ጥጥ አለበት፣ የአንድ እግር ካልሲ ግማሽ አለበት፣ ሌላኛው ግማሽ የማን ጃኬት ውስጥ እንዳለ እንጃ። መልሼ ሰፍቼዋለሁ፣ የኔ ስፌት ከቀድሞው ይሻላል፣ መጥተው ይዩት። እርስዎ ግን መጥሪያ ላኩብኝ፣ ማህተም ያለበት፣ የሕዝብ ንብረት አበላሽተሻልና ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ቀበሌ ቅረቢ የሚል። ሐሙስ ጠዋት ደግሞ ሁለተኛው አደን ነው። በዚያው ወረቀት ጀርባም ፈርሞ የተረከበውን ጃኬት ሳይለብስ የወጣ አዳኝ ከዝርዝሩ ይሰረዛል ብለው ጽፈዋል። ይሄንን የሚሰማ ሰው ሁሉ ለኛ ቤት የተጻፈ መሆኑን ያውቃል። ጥበቡ ገና ሲያስል ደረቱን ይይዛል። ቢጫውን ከለበሰ ይሄ ሳንባ ሁለተኛ አይችልለትም፣ ነርሷ ፊት ለፊት ነግራኛለች። ካልለበሰ ይሰረዛል፣ ከተሰረዘ ማሳችን አይጠበቅም፣ ያቺ የጫካ አፍ ገብስ በአንድ ቀን ታልቃለች። እንዴት ያለ ጥሩ ምርጫ ነው የሰጡን፣ ብርድ ወይስ ረሃብ፣ ሁለቱንም በነጻ።

ደግሞ የትናየት ይሄን የምትለው ሸቀጧን ልትሸጥ ነው ማለትዎን ሰምቻለሁ። ልክ ነዎት፣ ነጋዴ ነኝ። ያን አመድማ ጃኬት ለጥበቡ ሰጠሁት፣ ለመልካሙም ወንድሜን ስላወረደልኝ ሌላ ፈልጌ ሰጠሁት፣ እንዲህ ነው የኔ ንግድ።

ጋሽ ቀለመ ወርቅ፣ እፈራዎታለሁ። ይሄን ወፍጮ ቤት የሚያነበው ሰው ሁሉ ይወቅልኝ፣ እፈራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ፣ ቀበሌውንም ማህተሙንም። ግን መልካሙ ጠርቶት ጥበቡ ያልመለሰባት ሰዓት አለች፣ እኔ አልነበርኩም፣ ሲነግሩኝ ነው የሰማሁት፣ ከርስዎ ማህተም ይልቅ እሷን ነው የምፈራው። ስለዚህ በታላቅ ትህትና የሚከተለውን አስታውቅዎታለሁ።

ሐሙስ ጥበቡ ቀላሉን ይዞ አፋፉ ላይ ይወጣል። ቢጫውን እኔ እለብሰዋለሁ። ላብ እንዳይጎድለኝ ከቤቴ እስከ ቀበሌው ያለውን ዳገት በሩጫ እወጣውና ደጃፍዎ ላይ፣ ያ ጥላ የማይለቀው ድንጋይ ላይ፣ ሳልነቃነቅ እቀመጣለሁ፣ አዳኞቹ እስኪመለሱ። መጥሪያዬን አከበርኩ፣ እንዲያውም ሁለት ሰዓት ቀድሜ። ፈርመን የተረከብነው ጃኬትም በቤታችን ሰው ገላ ላይ ነው፣ ደንብዎ አልተጣሰም። እርስዎ ቢሮዎን ሊከፍቱ ሲመጡ እጄን ይዳስሱት። ሞቆኝ ካገኙኝ ሕዝብ ፊት ተንበርክኬ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ፣ ቅጣቴንም እቀበላለሁ። በርዶኝ ካገኙኝ ደግሞ የጥበቡን ስም የሚሰርዙበትን እስክሪብቶ ያወጡና እዚያው እኔ እያየሁዎት ይሰርዙት፣ ከቻሉ።

እስካሁን ላስተማሩኝ ሁሉ አመሰግናለሁ፣ ባይገፉኝ ኖሮ ደብዳቤ መጻፍ እንደምችል ሳላውቅ እሞት ነበር። እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ምድጃዎ አይጥፋ፣ ደረትዎን ከሳል ይጠብቅልን፣ ከኮሚቴዎ ግን እኛን ይጠብቀን። በጉልበትዎ ልክ ዝቅ ብላ፣ ዓይኗን ግን ሳትሰብር፣ የምታከብርዎ

የትናየት ተሻገር
የአስራ አንደኛው አዳኝ እህት

ግልባጭ፦
ለቄስ ገብረ ማርያም፣ እንዲባርኩት ሳይሆን እንዲያነቡት
ለእማሆይ አመተ ሥላሴ፣ ስለ ድንቹ ከሐዘን መግለጫ ጋር
ለሸለቆው ከርከሮዎች፣ ለመረጃ ያህል

ማስታወሻ፦ መጥሪያውን ያመጣልኝ የርስዎው ሚሊሻ ቢሻው ነው፣ እሱም ካስራ አንዱ አዳኞች አንዱ ነው። ወረቀቱን ሰጥቶኝ አልሄደም። በሩ ላይ ቆመ፣ ጎረቤት እንዳያየው ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የትናየት እህቴ፣ ለኔ ትከሻ የሚሆን ቀላል ጃኬት አለሽ ወይ አለኝ። አለኝ አልኩት። ሐሙስ ይዛት ብለው የሚያዙት እሱን ከሆነ፣ እባክዎን ከአደን እስኪመለስ ይታገሱት።